በአንዲት ላም ግራና ቀኝ

«ኧረ ቀስ በይ፣ እማ! በግድ አይደለም፤ ስታስጠጊው ማሽኑ ራሱ ይስበዋል።»

ልጅ ይህን ብላ ከእናቷ እጅ ያመለጡትን የአዲሱን ማለቢያ ማሽን ኩባያዎች አነሳችና አራቱንም በየተራ በላሟ ጡቶች ላይ አጠለቀቻቸው። ወተቱ በላስቲኩ ቱቦ ተንደርድሮ ክዳኑ ወደተገጠመው ጣሳ ወረደ። ከስድስቱ ላሞች አምስቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታለቡ። ጣሳው ውስጥ አንዲት ፀጉር እንኳ አልገባችም። ካለፈው ዓመት ወዲህ አልታጠፍ ያሉት የእናት ጣቶችም ዛሬ አልጠዘጠዟትም።

ሆኖም ደስ አላላትም።

«ምነው አኮረፍሽ?»

«እኔ? ላሟ ናት ያኮረፈችው።»

«ላሟማ እያመነዠከች ነው።»

እናት ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንዷን ላም ሁለት ሁለት ጡት ተካፍለው፣ እሷ በቀኝ፣ ልጇ በግራ ተቀምጠው ሲያልቡ ኖረዋል። ፊት ለፊት የማይደፍሩትን ሁሉ የሚያወሩት በላሟ ሆድ ተጋርደው ነበር። ልጅ ፈተና መውደቋን የተናገረችው እዚያ ነው። አባት የሞተ ሰሞንም አንዷ የሌላዋን እንባ ሳታይ እዚያው አልቅሰዋል። አሁን ሞተሩ ስለሚጮህ ለመነጋገር እንኳ መጮህ ያስፈልጋል።

«ትናንት ከሆስፒታሉ ደውለው ነበር» አለች ልጅ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የላቦራቶሪውን ሥራ ሰኞ ጀምሪ አሉኝ። ሁለቴ አስጠብቄያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይጠብቁኝም።»

«እና?»

«ብቻሽን ከቻልሽው እሄዳለሁ። ካልቻልሽው ግን የትም አልሄድም።»

እናት ያልታለበችውን ስድስተኛዋን ላም አየቻት። «አልቻልኩም» ማለት በቂ ነበር። ጣቶቿን ያየ ሰው አይጠራጠራትም፤ ልጇም ነገ ጠዋት፣ ከነገ ወዲያም፣ እዚሁ ትሆናለች።

ጎንበስ ብላ ኩባያዎቹን አነሳች። የመጀመሪያው ፉጨት አሰምቶ ወደቀ።

«ልያዝልሽ?» ልጅ ቀረበች።

«ወዲያ በይ! ሰኞ ማን ሊይዝልኝ ነው?» አለችና የወደቀውን አጥባ እንደገና አስጠጋችው።