በኪስ የቀረው ዘይት

ሹፌሩ ሰው ሲያስተምረው አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ስድስትም ጎማ ሁለትም ጎማ ያው ጎማ ነው ባይ። ያን እሑድ ጠዋት የሚስቱ አባት፣ ሽማግሌው መካኒክ፣ አሮጌዋን ቬስፓ ሞተር ሳይክል ሲያስረክቡትና ትንሽ የዘይት ጠርሙስ በእጁ ሲያስይዙት፣ ንግግራቸውን እንኳ አላስጨረሳቸውም።

«ይቺ እንደ መኪና አይደለችም ልጄ። ስትቀዳላት ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ካልቀላቀልክላት…»

«ኧረ ተዉ አባባ! ለእኔ ነው እንዴ ይሄ የሚነገረው?»

ሽማግሌው ተዉት። ጠርሙሱ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ገባ።

ቬስፓዋ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን የመጣች፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ያላት፣ ጎንና ጎኗ ጉብ ጉብ ያለች ነበረች። ሽማግሌው ከአንድ መጋዘን ዝገት የበላትን አንስተው፣ ቆርቆሮዋን ቀጥቅጠው፣ ሞተሯን በትነውና መልሰው ገጥመው ሰው አደረጓት። ያን ቀን የአሮጌ ሞተር ሳይክል ባለቤቶች ተሰልፈው ከተማዋን ሊዞሩ ነው። ላምብሬታ ያለው አለ፣ ጉዚ ያለው አለ፤ ሁሉም የሽማግሌው ደንበኞች ናቸው። ቬስፓዋ ከፊት ሆና እንድትመራ ተስማምተዋል። የሽማግሌው ጉልበት ግን ሞተር መርገጥ እምቢ ስላላቸው ክብሩ ለልጃቸው ባል ደረሰው። ልጃቸውም ከኋላው ልትቀመጥ ነው።

ማደያው ላይ ሹፌሩ ልቡ አበጠ። ቀጂዋ ሴት «እንዴት ታምራለች! የየት አገር ናት?» ብላ ጠየቀችው። እሱን ጠይቆ ማን በጊዜ ይለቀቃል? ማርሿ በግራ እጅ እንደሚቀየር፣ ሞተሯ በቀኝ በኩል ካለው ጉብታ ሥር እንደተደበቀ ሲያስረዳ፣ ሰው ከቦ ፎቶ ሲያነሳ፣ ታንኩ ሞላ። ሹፌሩ ክዳኑን ዘግቶ፣ ሚስቱን አሳፍሮ፣ እጁን ለሕዝቡ እያወዛወዘ ሄደ።

ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ ሰላም ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ሞተሯ እንደታነቀ ሰው ጮኸች፤ የኋላ ጎማዋ ደርቆ ቆመና ተንሸራትታ ወደቀች። የሚስቱ ክርን ተላጠ። ከኋላ የሚከተለው ሰልፍ በሙሉ ፍሬን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ተነስቶ አቧራውን ሲያራግፍ እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ነካ። አልተከፈተም። ያኔ ገባው።

«ምን ሆነች?» አለችው ሚስቱ።

«እኔ እንጃ። ዝም ብላ ቆመች።»

ሰዉ ወደ ሚስቱ ሲሯሯጥ ጠርሙሱን ቦይ ውስጥ ወረወረው።

ከሰዓት በኋላ ባለሞተሮቹ ጋራዡ በር ላይ ተሰብስበው ጠበቁ። ሽማግሌው ሞተሩን ከፍተው ውስጥ ብዙ ቆዩና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ፒስተኑን ስገጥም አጥብቄዋለሁ። እጅ ሲያረጅ እንዲህ ነው» አሉ።

ሹፌሩ እዚያው ቆሟል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእሱን ዝምታ ቢያይ ኖሮ አባባሉን መልሶ ይውጠው ነበር። ቤት ሲገቡ ሚስቱ «አባቴ አረጀ» ብላ አለቀሰች፤ እሱም ትከሻዋን እያሻሸ አጽናናት። አያፍርም? ያፍራል እንጂ! ከማፈሩ የተነሳ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ደንበኛው እየሳሳ ሄደ። አንዱ «ለሌላ ሰው ላሳየው ብዬ ነው» ይላል፤ ሌላው ምክንያት ሳይሰጥ ይቀራል። ሽማግሌው ሥራ ሲያጡ የጸዳ መፍቻ መልሰው ማጽዳት ጀመሩ። ሹፌሩ ደግሞ ገበታ ላይ «ምነው የአባባ ደንበኞች ጠፉ?» ይላል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በመጨረሻ አላስችል አለው። አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣ፣ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ሁሉን ሊናገር ወደ ጋራዡ ሄደ። አንድ የጥርስ ሐኪም እዚያ አገኘ። ከድሮዎቹ ደንበኞች ያልሸሸ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ግን የላምብሬታውን መሪ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንደ ሌላው አልሆንም ብዬ ነበር። ግን ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ ነው የምነዳው። ያ ዳገት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ የእጅዎ ነገር ነው ወይስ ሌላ ምክንያት ነበረው?»

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነስተው መጡና ሹፌሩ አጠገብ ቆሙ። ሹፌሩ አፉን ከፈተ። ነገ በየሞተሩ ላይ የሚሳቅበት ሳቅ ታየው፤ የአውቶቡስ ጓደኞቹ «ዛሬስ ዘይት አልረሳህም?» ሲሉት ተሰማው። የጥርስ ሐኪም ፊት የከፈተውን አፍ ምንም ሳይወጣው መልሶ ዘጋው።

«እጄ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ ላምብሬታውን እየገፋ ወጣ።

«አባባ…» አለ ሹፌሩ። «ዘይቱን አልጨመርኩም። ረስቼ ነው። ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ፒስተኑን እንዳየሁ ነው ያወቅሁት። ዘይት ያጣ ፒስተን ይታወቃል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የልጄ ባል አይደለህ? ሰው ፊት ላዋርድህ? ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አሁንም ሰውየው ሳይሄድ ትናገራለህ ብዬ ነው አጠገብህ የመጣሁት።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢሰድቡት በወደደ።

«ሮጬ ልንገረው! ማታ ደግሞ ለሚስቴ…»

«ተወው» አሉት። «ያኔውኑ ብትናገር ኖሮ ጥፋቱን ያመነ ባል ይኖራት ነበር። አሁን ብትሰማ፣ አባቷ ሲዋረድ ቆሞ ያየ ባል ነው ያላት። እሷ የምታውቀው አባቷ እንዳረጀ ነው። ማርጀት ነውር አይደለም።»

ሹፌሩ ወደ ደጅ ወጣ። ሐኪሙ ገና ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ቢጠራው ይሰማል። አልጠራውም። ተወው ሲባል ደረቱ ቀለል ብሎት ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ያፈረው በዚህ ነው።