የቱሊባ ድልድይና የፕራውስ ወንበር

ከምርጫው በኋላ የወጣው የመጀመሪያው ጋዜጣ ቤታቸው ሲደርስ፣ ግሌኒስ ቦውደን እጇን እንኳ ሳታደርቅ ከባሏ ከሜርቭ ላይ ነጠቀችው። መሀል ገጹ ላይ የክፍለ ሀገሩ የፓርላማ ወንበሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከላይ ማንም የማይነቀንቃቸው ናቸው፣ ከታች ደግሞ በትንሽ ድምፅ የሚገለበጡት። በጣቷ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ወጣች። የራሳቸውን የምርጫ ወረዳ ቱሊባን ያገኘችው ጣቷ ጫፉ ጋ ሲደርስ ነው።

«አስተማማኝ ይላል! በአሥራ ዘጠኝ ከመቶ! ከማን ጋር ለክተውት ነው?»

«እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል? እኔ አልቆጠርኩም» አለ ሜርቭ፣ በደህናው እጁ ዳቦውን ቅቤ እየቀባ።

ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። አምና ክረምት ስትሮክ መትቶት ወጥ ቤት ውስጥ ሲወድቅ፣ አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቆሞ መብራቱን ሲያብለጨልጭ ግሌኒስ በመስኮት አይታዋለች። የቱሊባ ድልድይ ዝቅ ያለ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ውኃው በላዩ ላይ ይሄዳል። አምቡላንሱ በኮረብታው ዞሮ እስኪደርስ ድረስ የሜርቭ እጅ አለቀለት።

የፓርላማ ተወካያቸው ላክላን ፕራውስ ስለ ድልድዩ በተጠየቀ ቁጥር «በሚቀጥለው በጀት» ይላል። በጀቱ ግን የሚሄደው ወንበር ወደሚነቃነቅበት አገር ነው። መንገዱም ለእነሱ፣ ሆስፒታሉም ለእነሱ። ቱሊባ ተሠራላትም አልተሠራላትም የፕራውስን ፓርቲ ትመርጣለች፤ ታዲያ ማን ምን ብሎ ገንዘብ ያፈስባታል? ግሌኒስ የከብት ሐኪሟን ኢሞጀን ሃስክን ለምና ለምና ያለ ፓርቲ በግል ያወዳደረቻት ለዚህ ነው። የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ቋሊማ በዳቦ ከሚሸጡት አጠገብ ቆማ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ፣ መራጩ ኢሞጀንን አንደኛ ብሎ ሌሎቹን በተራ ቁጥር እንዲያስከትል የሚያሳየውን ካርድ ስታድል ውላለች።

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ኢሞጀንን ያገኘቻት አንድ በረት ውስጥ ነው፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ላም ውስጥ ገብቷል።

«እንኳን መጣሽ። ጅራቷን ያዢልኝ» አለች ኢሞጀን።

ግሌኒስ ጅራቱን ያዘች። «ጋዜጣውን አየሽው?»

«አየሁት። ተሸነፍኩ፣ ግሌኒስ። ሰውዬው ከግማሽ በላይ አገኘ።»

«መሸነፍሽንማ አውቃለሁ። በስንት ተሸነፍሽ ነው የምልሽ።»

ኢሞጀን ተነፈሰች። «የምርጫው ማታ ቆጣሪዎቹ መጨረሻ ላይ ማን ከማን እንደሚፋጠጥ አስቀድመው ይገምታሉ። እንደ ወትሮው ፕራውስንና የሌላውን ትልቅ ፓርቲ ተወዳዳሪ፣ ያንን ልጅ፣ አፋጠጡ። ልጁ ግን ሦስተኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የልጁ መራጮች ከእሱ ቀጥለው ማንን እንደመረጡ፣ እኔን ይሁን ፕራውስን፣ እስካሁን የለየው የለም።»

«ይለዩዋ!»

«አይገደዱም። አንዱ ከግማሽ ካለፈ በኋላ የሌላውን መደርደር ግዴታ የለባቸውም።»

«ክልክል ነው ወይ?»

ኢሞጀን ክንዷን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች። ላሟ አጉረመረመች።

«ክልክል ካልሆነ ጠይቂ» አለች ግሌኒስ።

«ሰው ምን ይለኛል? ሽንፈቷን መዋጥ አቃታት ነው የሚለኝ። እኔ የሁሉንም ከብት የማክም ሰው ነኝ!»

«ግሌኒስ አንገቴን ይዛ ወሰደችኝ በያቸው። ማንም አይጠራጠርም።»

ኢሞጀን ሳቋ አመለጣት። ያን ጊዜ ጥጃው ተንሸራቶ ወጣና ሁለቱም ጭድ ላይ ተቀመጡ።

ድምፁ የሚቆጠረው ከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው። የቆጣሪዎቹ ኃላፊ ዋረን ፒል ከግሌኒስ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ ሰው ነው። የኢሞጀንን ማመልከቻ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«አሸናፊው እኮ አይለወጥም፣ ግሌኒስ።»

«እንዲለወጥ መች ጠየቅኩህ?»

«ታዲያ ምን ልታገኚበት ነው?»

«ድልድይ።»

«እዚህ ድልድይ አንሠራም። ደግሞም አለቆቼን ሳልጠይቅ አንዲት ወረቀት አልነካም።»

«ደውልላቸዋ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

የግድግዳውን ጥግ ይዛ ቆመች። ሳንድዊቿንም እዚያው በላች። በማግስቱም መጣች። ከዚያም በማግስቱ ስትመጣ ዋረን ወንበር አወጣላት፤ ስልኩንም አንስቶ እንደገና ደወለ። እሷ ስለ ድልድዩ ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ ትናገራለች፣ ዋረን ደግሞ በጆሮው የማይሰማ መስሎ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ «ይደርደር» የሚል መልስ መጣ።

ሲደረድሩ ግሌኒስ የኢሞጀን ታዛቢ ሆና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። መንካት ስለማይፈቀድ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች። ሦስተኛ የወጣው ልጅ የድምፅ ክምር ተፈታ። አንዱ ወረቀት ወደ ፕራውስ፣ ቀጣዩ ወደ ኢሞጀን፣ ከዚያም ኢሞጀን፣ ኢሞጀን። አንድ መራጭ ከፕራውስ ስም አጠገብ «ድልድዩስ?» ብሎ ጽፏል። ዋረን አየት አደረጋትና ወረቀቱን ሳቅ ሳይል በቦታው አኖረው።

መጨረሻ ላይ ፕራውስ አሸነፈ፤ ግን ኢሞጀንን የበለጣት በሁለት ከመቶ ብቻ ነበር።

«አሁንስ ረካሽ?» አላት ዋረን።

«ገና ነኝ» አለችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ቱሊባ ከጫፍ ወርዳ ወርዳ፣ መጨረሻው ዳር ላይ ተቀመጠች። ግሌኒስ ገጹን ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ብዙም ሳይቆይ ላክላን ፕራውስ አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ በሯ ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት እግሩ እዚያ ግቢ ረግጦ አያውቅም።

«ወይዘሮ ቦውደን፣ የድልድዩ ጉዳይ ሁልጊዜም ልቤ ውስጥ ነው» አላት።

«ከልብህ አውጣውና ወንዙ ላይ አድርገው» አለችው።

ሜርቭ ውስጥ ሆኖ ሻዩ ትን አለው።

ፕራውስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ትናንት ሚኒስትሩ ራሳቸው ደውለውልኛል። ገንዘቡ ተይዟል። ሥራውም ክረምቱ ሳይገባ ይጀመራል። ለእርስዎ መጀመሪያ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብቻ የነገርከኝን ነገ ብትክደኝ ማን ይመሰክርልኛል? ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ና። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ተናገረው።»

«እሱ እንኳን... ሰው ጨዋታውን ሊያይ የመጣበት ቦታ...»

«ሰው ስላለ ነው የምልህ። አትመጣም እንዴ? ኢሞጀን ለሚቀጥለው ምርጫ ካርድ ማሳተም ጀምራለች።»

ኢሞጀን ምንም አልጀመረችም። ግሌኒስ ግን ዓይኗን አላርገበገበችም።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው መኪናዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ዙሪያውን ቆመዋል። ተጫዋቾቹ ብርቱካን ሲመጥጡ ፕራውስ ማጉያውን ያዘ። ከፍ ያለ የሲሚንቶ ድልድይ እንደሚሠራ፣ ሥራውም መቼ እንደሚጀመር ተናገረ። ከዚያ ሜርቭ በደህናው እጁ የመኪናውን ጥሩምባ ተጫነው። የዋረን መኪና ተከተለ፣ የኢሞጀንም። ቀጥሎ ሜዳው ዙሪያውን፣ ጎል የገባ ይመስል፣ በጥሩምባ ተናወጠ።

«አንቺም እልል በይ እንጂ! ምን ያስኮሳትርሻል?» አላት ሜርቭ እየጮኸ።

«ለወሬ እልል አልልም» አለች ግሌኒስ። «ዝናቡ ሲመጣ ውኃው ከሥሩ ሲያልፍ ልየው።»

ያችን የጋዜጣ ገጽ ከማቀዝቀዣው ላይ አላነሳችም። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ ካስማ ሊተክሉ ወንዙ ዳር ሲወርዱ፣ እሷ ቀድማቸው ደርሳለች፤ አምቡላንሱ የቆመባት ቦታ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።