የተሰረዙ መነጽሮች

የኦርኬስትራው ተጫዋቾች «ጋሽ ሰዓቱ» የሚል ስም ያወጡላቸው በደጉ ዘመን ነው፤ እጃቸው እንደ ሰዓት ዝንፍ በማይልበት ጊዜ። መጀመሪያ ከቫዮሊን ተለቅ የምትለዋን ቪዮላ ተጫዋች፣ ከዚያ አስተማሪ፣ በመጨረሻም የኦርኬስትራው መሪ ሆነው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ አዳራሽ ሳይወጡ አረጁ። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት አልፏል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «አባዬ፣ በላህ?» ስትላቸው «በላሁ፤ በይ ልምምድ አለብኝ» ብለው ይዘጉታል። መቼም ቀድመው የሚዘጉት እሳቸው ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ታዲያ «ከቅዳሜው ኮንሰርት በኋላ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ አንድ ዓመት ይጨምራሉ ወይስ ይበቃዎታል?» ብሏቸዋል። ጥያቄው ራሱ አስቋቸው ነበር። ቤት ተቀምጠው ምን ሊሠሩ፣ ግድግዳ ሊቆጥሩ?

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ፣ የኖታ ክፍል ሠራተኛዋ ጥርሷን ልትነቀል ስለሄደች፣ ኖታውን ከየማስቀመጫው መሰብሰብ እሳቸው ላይ ወደቀ። ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም። ተጫዋች «እዚህ ጋ መሪውን ተመልከት» ለማለት በእርሳስ ትንሽ መነጽር ይሥላል፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ሳያያቸው እነዚያን መነጽሮች መቁጠር ይወዳሉ። ሽማግሌም ቢሆን መታየት ይወዳል፣ ምን ይደረግ!

የአንደኛ ቫዮሊኖቹን ገለጡ። ሙዚቃው ዝግ የሚልበት ክፍል ላይ መነጽሩ አለ፤ ግን ተሰርዟል። ከሥሩ «ቀስቷን እዩ» ይላል። የሚቀጥለውም ተሰርዟል። ወደ ቼሎዎቹ ሄዱ፤ እዚያም ያው ነው። አንዱማ «ጋሼን አትዩ፣ ይዘገያሉ» ብሎ ጽፏል። አንቱታው አለመቅረቱ ይባስ አመማቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ አሉ በሆዳቸው።

ቪዮላዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ወረቀቱ አሮጌ ነው፤ ራሳቸው በወጣትነታቸው የተጫወቱበት። እዚያም የተሰረዘ መነጽር አለ። «ሽማግሌውን አትዩ» ይላል።

በዚህ መሃል የቫዮሊኖቹ አለቃ፣ ያቺ «ቀስቷን እዩ» የተባለላት፣ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ ተመለሰች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ቀስት አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት ወረቀቱን ሳይለቁ።

ገባት። «ካምና ጀምሮ፣ ጋሼ።»

«አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየችው። «ይሄ የእርስዎ ጽሕፈት አይደል እንዴ?»

ነው። ሽማግሌው የተባሉት የያኔው መሪ፣ አስተማሪያቸው ነበሩ። ያኔ ይህን ጽፈው፣ ከጎናቸው ከተቀመጠው ልጅ ጋር አፋቸውን ይዘው ስቀዋል። ለሰውየው ግን አንድም ቀን አልነገሯቸውም፤ በቀብራቸው ላይ «እስከ መጨረሻው መሩን» ብለው እያለቀሱ ተናገሩ እንጂ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አፈሩ፤ ለራሳቸው ይሁን ለአስተማሪያቸው ለይተው አላወቁትም።

«ነው» አሏት። «እርሳስ አለሽ?»

የራሳቸውን ትልቁን ኖታ ገልጠው ያው ዝግ የሚለው ክፍል ላይ ትንሽ መነጽር ሣሉ። ከሥሩም «ቀስቷን እይ» ብለው ጻፉ።

ቅዳሜ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አውርደው ተመለከቷት። ቀስቷን አነሳች፤ ስልሳው ሰው ባንድ ትንፋሽ ገባ። እንዲህ አምሮ ከሰሙት ስንት ጊዜያቸው! ቀና ብሎ ያያቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አዳራሽ፣ መድረኩ መሃል ቆመው፣ እንደዚያ ቀን ብቻቸውን ሆነው አያውቁም። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቃቸው፤ መልሱን ለመስጠት አፍታም አልፈጀባቸውም።

እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«በል እንግዲህ፣ ልምምድህ እንዳይረፍድብህ።»

«ልምምድ የለብኝም» አሏት። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አትዝጊው እስቲ። አንቺስ፣ በላሽ?»