አስማተኛዋ ቀጸላ ዘርፍ አልመርጥም አለች

፩

ምረጪ።

፪

ይቺን ቃል ስንት ዓመት ተሸክሜያታለሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስቀጠር አለቃዬ «አንድ ነገር ምረጪና በሱ ጎበዝ ሁኚ» ብሎ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ አስቀመጠኝ። ጎበዝ ሆንኩ። ጎበዝ ስለሆንኩም ከዚያ የሚያነሳኝ ጠፋ። ወጣትነቴን በቀዳዳ ጨረስኩት። ሰው ያማረ ኮት ለብሶ ሲያልፍ «ይኼን እኔ ነኝ የሰፋሁት» ማለት አልችልም። ቀዳዳውን ነዋ! ተቀይሜ ወጣሁ። አዳማ ላይ የራሴን ቤት ከፈትኩ። አሁን ሱሪም፣ ቀሚስም፣ መጋረጃም፣ የባጃጅ ወንበር ልብስም እሰፋለሁ። አንዳንዱ ይጣመማል።

ይጣመም።

፫ ጨዋታው፣ ለማታውቂው

(ወንድም ሆነህ ብታነበው ያው ነው፣ ለአንተ ብዬ እንደገና አልጽፍም።)

እሁድ ከሰዓት ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። አንዱ ታሪክ ያወራል፤ እሱ አጫዋች ይባላል። ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ ሰው እንሆናለን። አጫዋቹ «ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል። ትናገሪያለሽ። ሃያ ፊት ያለውን ባለቁጥር ጠጠር፣ ዳይሱን፣ ትወረውሪያለሽ። ቁጥሩ ከበዛ ተሳካ፣ ካነሰ ጉድሽ ፈላ።

አጫዋቹ አቤኔዘር ነው፣ ጓሮዬ ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር። ጎራው የሚባለው ጦረኛ የምንታምር ነው፤ ምንታምር ጎረቤቴ ናት፣ ነርስ። አስማተኛዋ ቀጸላ እኔ ነኝ።

አስማት ስምንት ዘርፍ አለው ይላል አቤኔዘር። እሳት፣ ፈውስ፣ መሰወር፣ ትንቢት። ሌላው ተረስቶኛል። አስማተኛ አንዱን ከመረጠ በሱ ይበረታል፣ ሰባቱ ግን ይዘጉበታል። ካልመረጠ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ።

ቀጸላ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ናት።

፬ ምረጪ

አቤኔዘር ማስተርሱን የሠራው በአንድ የሽንኩርት በሽታ ላይ ነው። በሽንኩርቱ አይደለም፣ በበሽታው። የጓሮ ቲማቲሜ ሲጠወልግ «እስቲ እየው» ብለው፣

«እትዬ ጥሩአየር፣ ቲማቲም የኔ ዘርፍ አይደለም» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ስለ አስማት የሚመክረኝ።

፭ እውነቱን ለመናገር

የቀጸላ እሳት ሲጋራ ቢያቀጣጥል ነው። ስትሰወር እግሯ ይታያል። ትንቢቷም «ነገ ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም» ነው። ምን ይደረግ! ግን ጉንፋን ታድናለች፣ የተቆለፈ ሳጥን ትከፍታለች፣ ከፍየል ጋርም ትነጋገራለች። የትኛው ባለዘርፍ ነው ከፍየል ጋር የሚነጋገረው?*

* አቤኔዘር ይህን ሲያነብ «ለእሱም ዘርፍ አለው» ይላል። ይበል።

፮ ድልድዩ

ገደል ስንሻገር ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ድልድዩ ላይ መጣብን። ጎራው ተጋፈጠው። እሳት ወረወርኩ፤ ዘንዶው አስነጠሰው። ጎራውን ልሰውረው ብል እስከ ወገቡ ብቻ ተሰወረ፤ ዘንዶው የቀረውን ነከሰ። ፈውስ ደገምኩበት። ደሙ ቆም አለና ቀጠለ።

ጎራው



ሞተ።

ምንታምር ዳይሷን ጨብጣ ጠረጴዛውን ታያለች። ሥራዋ ላይ ሰው ሲሞት ስታይ የምትውል ሴት ናት። እዚህ የምትመጣው አንድ የማይሞትባት ሰው ስላላት ነው።

፯ የተባለው እንዳለ

አቤኔዘር፦ አንድ መንገድ አለ። ቀጸላ አሁኑኑ ፈውስን ትምረጥ። ሰባቱ ለዘላለም ይዘጉባት። ጎራው ይነሳል።

እኔ፦ አልመርጥም።

ምንታምር፦ እትዬ ጥሩዬ፣ በሞቴ።

እኔ፦ ሞትሽን ተይው!

ምንታምር፦ ለፍየል ወሬ ብለሽ ጎራውን ልትቀብሪብኝ ነው?

እኔ፦ ፍየል ምን አገባት?

አቤኔዘር፦ እንግዲያው ሞቱን አጸናለሁ።

እኔ፦ በሕግ አምላክ!

፰

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ንቅንቅ አይልም። የድሮ ሰው ወንዝ መሃል ቢሆን እንኳ ይቆም ነበር ይባላል። አቤኔዘርም እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ ማስተርስ ቢኖረውም እናት ያሳደገችው ልጅ ነው። አሁን ዳኛ ይፈለጋል። በድሮው ደንብ ዳኛው መንገደኛ ነው። ሱሪያቸውን ሊወስዱ አቶ ወንድይፍራው ብቅ አሉ፣ ጡረተኛው ደንበኛዬ።

«ይዳኙን» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

፱ ችሎት

አቶ ወንድይፍራው፦ ሟች ማን ይባላል?

ምንታምር፦ ጎራው።

አቶ ወንድይፍራው፦ ነፍስ ይማር። የማን ልጅ ነው?

አቤኔዘር፦ ጋሼ፣ የምር ሰው እኮ አይደለም...

አቶ ወንድይፍራው፦ ተጠየቅ ሳትባል አትመልስ!

(የቁልፍ ቀዳዳውን ነገር ሁሉ ተናገርኩ። እዚህ አልደግመውም፣ አንብበሽዋል።)

አቤኔዘር፦ ልብዎን ቢያምዎ ሁሉን ነካ ነካ ወደሚያደርግ ሐኪም ይሄዳሉ?

አቶ ወንድይፍራው፦ እሱስ አልሄድም።

እኔ፦ ሱሪዎንስ ቀዳዳ ብቻ ለምትሠራ ሴት ይሰጣሉ?

አቶ ወንድይፍራው፦ (ሱሪውን ዘርግተው) አንዱ እግር ረዝሟል።



አቶ ወንድይፍራው፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ሁለታችሁም አስቸጋሪ ናችሁ። ምረጪ የሚል ሰው አስቀድሞ ራሱ መርጦ ያሳይ። አይሆንም የምትልም ሌላውን ማዘዝ እንዴት እንደሆነ ትየው። ወንበር ተቀያየሩ። አንቺ አጫውቺ፣ እሱ አስማተኛዋን ይያዝ። ሱሪውን አስተካክይው።

ሄዱ።

፲

አጫዋች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሲታይ ጠረጴዛው ሌላ ነው። ሁሉም አፍሽን ያያል።

«እትዬ» አለች ምንታምር፣ «በቃ አሁን አንቺ ነሽ። ተነሳ በይውና ይነሳ።»

እውነቷን ነው። አንድ ቃል ነው። ተነሳ ካልኩ ተነሳ፣ ምርጫም የለ፣ ክርክርም የለ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።



አላልኩም።



«ቀጸላ ሆይ» አልኩት አቤኔዘርን፣ «ጎራው እግርሽ ሥር ወድቋል። ከፊትሽ ስምንት በር አለ። አንዱ ጋ ፈውስ አለ። ከገባሽ ሰባቱ ይዘጋሉ።»

«የትኛው ላይ ነው ፈውስ የተጻፈው?»

«አልተጻፈም።»

«እንደሱማ አይሆንም! ሳላውቅ እንዴት እመርጣለሁ?»

«እንግዲህ።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም» አልኩ። ጣፈጠኝ። ምንታምር እሱን ትታ እኔን አየችኝ፤ ያንን አስተያየት አልወደድኩትም፣ ግን ወንበሩን አልለቀቅኩም።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

፲፩ እስኪመርጥ ቦታውን ትቼለታለሁ

አቤኔዘር፦