ሽጉጡን ማን ይያዘው

ጠዋቱ እንደ ወትሮው ነበር። ሲስተር መስኮቶቹን ከፈተች፤ መቀሶቹንና ጉጠቶቹን ከመቀቀያው አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደረች። እኔ ጋዋኔን ለበስኩ። ዘበኛው በር ላይ ከሚገባው ሰው ጋር እየተቀላለደ ይፈትሻል። መሣሪያ የያዘ ታካሚ ለእሱ ያስረክባል፤ እሱም በሩ አጠገብ ባለው የብረት ሳጥን ይቆልፍበታል፤ ሰውየው ታክሞ ሲወጣ ይረከባል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ታካሚ መርፌ ሊወጋ ሱሪውን ዝቅ ሲያደርግ ሽጉጡ ወድቆ ባርቆ ነበር። ጥይቱ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳውን በሳ እንጂ ሰው አልነካም።

አናጢው የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ስኳር ስላለበት የግራ እግሩ ቁስል በየቀኑ መታጠብ ነበረበት። ሁልጊዜ በፊት ለፊቱ በር ይገባ የነበረ ሰው፣ የዚያን ቀን በልብስ ማጠቢያው በኩል ዞሮ ገባ። አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱን አላወለቀም።

ሲስተር ፋሻውን እየፈታች፣ “ጋሼ፣ ጋደም ይበሉ እንጂ” አለችው።

“እንዲሁ ይሻለኛል።”

“ወገብዎ ላይ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ስልኬ ነው።”

“ስልክዎማ እጅዎ ላይ ነው።”

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

“ለዘበኛው አስረክበው ይመለሱ። እንጠብቅዎታለን።”

“ለእሱ? ዶክተር፣ እሱ እኮ የዚያ የጎረቤቴ ሚስት ወንድም ነው። አጥሬን እያፈረሰ የሚዝትብኝ ሰውዬ የለም? ባዶ እጄን መሆኔን በገዛ አፌ ልንገራቸው?”

“ሲወጡ ይመልስልዎታል።”

“ከመለሰ። ይልቅ እርስዎ ይያዙልኝ። መሳቢያዎ ውስጥ ይክተቱት።”

ሰበብ የሌለው መሣሪያ ያዥ አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህም አንዱ ሰበብ መሰለኝ።

“መሣሪያ ከውጭው በር አያልፍም። ይዘውት እያሉ አላክምዎትም። ቁስሉ ደግሞ ዛሬ ካልታጠበ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ እግርዎን ያጣሉ።”

“የእርስዎ ባለቤት በእኔ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ይመልሷቸው ነበር?”

ሲስተር ወደ እኔ አየት አደረገችና ዓይኗን ሰበረች።

ፋሻውን ራሱ ጠመጠመው፤ አናጢ ነውና አጥብቆ፣ አስተካክሎ ጠመጠመው። በመጣበት በኩል ወጣ።

ወደ ዘበኛው ሄድኩ። “አናጢው የተጣላው ከማን ጋር ነው?”

“ከእህቴ ባል ጋር። ታዲያ እዚህ ሰፈር ማን ከማን ያልተዛመደ አለ?” ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ እንደ ዋዛ፣ “መጥቶ ነበር እንዴ? በየት በኩል ገባ? ነገስ ይመጣል?” አለኝ።

“አላውቅም። የሳጥኑን ቁልፍ አምጣ።”

“ምን አጠፋሁ ዶክተር?”

“ምንም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይሁን።”

ከኪሱ ቀስ ብሎ አውጥቶ ሰጠኝ። ክፉ ያስብ፣ አያስብ አላወቅኩም፤ አሁንም አላውቅም።

ወዲያው ሲስተርን የቁስል ማጠቢያውን አስይዤ ወደ አናጢው ቤት ላክኋት። እቃው እንዳለ ይዛው ተመለሰች። ሚስቱ በሩን አልከፈተችም።

“ከክሊኒኩ ነኝ አልኳት” አለችኝ ሲስተር። “‘ከክሊኒኩ ነኝ ያለ ሰው ቅድምም መጥቶ ነበር፤ ባሌ የለም፣ ሂጂ’ አለችኝ።”

ከሲስተር በፊት ማንንም አልላክንም ነበር።

ዘበኛውን ስጠይቀው ከበሩ ንቅንቅ እንዳላለ ማለልኝ። ማንም ሲወጣ አላየውም፤ ማንም ደግሞ ቆሞ ነበር ብሎ አልመሰከረለትም። አናጢው በነጋታውም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ክረምቱ ሲያልፍ መንገድ ላይ አገኘሁት። በክራንች እየሄደ ነበር፤ ሚስቱ ከኋላው ናት። ኮቱ ክፍት ነው፤ ወገቡ ላይ ያየሁት ነገር የለም። ሰላም አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝና አለፈ።

የግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም።