ሦስተኛው ድምፅ

የትምህርት ቤቱ ቦርድ ጸሐፊ «ይህን ቤተሰብ በግል የሚያውቅ የቦርድ አባል ካለ አሁን ይናገር» ስትል ከአባላቱ አንዷ ጃኒን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሽማግሌ እኮ ሚስተር ፒከርስጊል ነው! የዛሬ ሠላሳ ዓመት የዚሁ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር እያለ፣ የማጠናቀቂያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያባረራት። ሰበቡ ጉርዷን ወገቧ ላይ ጠቅልላ ማሳጠሯ ነበር። እውነቱ ግን ውጤቷ የትምህርት ቤቱን ደረጃ እንዳያወርድ ነው፤ ደረጃው ጋዜጣ ላይ መውጣት የጀመረው ያን ሰሞን ነዋ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ብስኩት ስታሽግ ኖረች። አሁን በባሏ ስም ሆልሮይድ ተብላ ስለምትጠራ ሰውዬው አላወቃትም።

ትምህርት ቤቱ ድሮ በፈተና የተመረጡ ብቻ የሚገቡበት ነበር፤ ቀጥሎ ለሁሉም ተከፈተ፤ አሁን ደግሞ አካዳሚ ተብሎ ለተማሪዎቹ አዲስ ኮትና ከረባት አወጣ። ያቺ አመሉ ግን ንቅንቅ አላለችም። የፈተናው ወር ግንቦት ሲቃረብ ደካማ የሚላቸውን ልጆች ሰበብ ፈልጎ ያስወጣል። ዘንድሮ ተራው የሜይዚ ሆነ፣ የፒከርስጊል የልጅ ልጅ። አስተማሪ ተሳድባለች ተብላ ተባረረች፤ ቦርዱ ደግሞ መባረሯን ያጸድቃል ወይ ይመልሳታል።

ሽማግሌው ለመነ። ልጅቷ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፣ ካልተፈተነች አለቀላት አለ።

ጃኒን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «እርስዎም በዘመንዎ ልጆች አባረዋል አይደል? አንዳቸውን ያስታውሳሉ?»

ፈገግ አለ። «ስንቱን ላስታውስ ሚስስ ሆልሮይድ? የነሱ ደግሞ ሌላ ነው። እነሱ መጀመሪያውኑ የትም አይደርሱም ነበር።»

መልሱን ወረቀቷ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው።

አያትና የልጅ ልጅ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ተደረገ። ከሦስቱ የቦርድ አባላት ቄሱ ትመለስ አሉ። መኪና መንዳት የሚያስተምረው ኪት ደግሞ ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ትባረር አለ። የቀረችው ጃኒን ናት። «ትባረር» ብላ፣ ወጥታ የድሮ ስሟን ጆሮው ላይ ልትነግረው አስባለች። እንዴት እንደምትለው ሁሉ አዘጋጅታለች። ፊቱ ሲለወጥ ማየት ብቻ ነው የምትፈልገው።

በበሩ መስታወት አየቻቸው። እሱ ግድግዳውን ተደግፏል። ሜይዚ የባዮሎጂ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች።

«እሺ ጃኒን፣ ያንቺስ?» አለች ጸሐፊዋ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?