ከወይን ማሳ የወጣው ማህተም

አስቀድሜ ልናገርና፣ እኔ የድሮ ዕቃ አይደንቀኝም። ያረጀ ነገር ሁሉ ቅርስ ቢሆን ኖሮ መኪናዬ ይሄኔ ሙዚየም በገባች ነበር። አባቴ ባቲ ገበያ ላይ ብር አንጥረኛ ስለነበር፣ ትናንት የተሠራ አምባር የቅድመ አያት አምባር እንዲመስል ምን እንደሚደረግ በልጅነቴ አይቻለሁ። ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ጸደይ ላይ ዝላትካ ያንን የእርሳስ ቁራጭ ስታሳየኝ መጀመሪያ የፈለግሁት ተንኮሉን ነበር። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ነው።

ዝላትካ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሮቢንስዴል በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰው ጥርስ እንሠራለን፤ እኔ ብረቱን አቀልጣለሁ፣ እሷ ነጩን ሽፋን ታለብሰዋለች። ከቡልጋሪያ የመጣች፣ ሃምሳውን የተሻገረች፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መሐረብ ፈትታ ከሳንቲም ከፍ የሚል ጥቁር ክብ ነገር ፊቴ አኖረች።

«አንተ የአንጥረኛ ልጅ ነህ» አለችኝ። «ይሄ እውነተኛ ነው ወይስ የውሸት?»

አባቷ ዲምቾ ወይን ገበሬ ነበር። ማሳውን ሲቆፍር አገኘሁት ብሎ ከተማው ሙዚየም ይዞት ሄደ። እዚያ የነበረው ሹም አገላብጦ አየውና «ራስህ አቅልጠህ ያፈሰስከው ነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ «ማህተም ሠሪው» እያለ ሲስቅበት ኖረ። እሱ ሲሞት እናቷ ማህተሙን በፖስታ ላከችላት። አሁን ቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናኑ ከአገር ያመጧቸውን ጥንታዊ ንዋያተ ቅድሳት በመጪው እሁድ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ እሷም ይህን ማስቀመጥ ፈልጋለች።

«ግን ውሸት ከሥዕል አጠገብ አላስቀምጥም» አለች። «ደግሞም አባቴ ዋሽቶ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። በአንዱ ፊት መርየም ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ ልጇ አለ። የሕፃኑ ፊት ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ ዓይን ግን አለው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሥዕል ፊት የምቆም ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ሳላስበው «ማሻአላህ» አልኩ። በሌላው ፊት አምስት መስመር የግሪክ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ ከእነሱ ፊደል ጋር ስለሚቀራረብ ዝላትካ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፦ «የአምላክ እናት ሆይ፣ ባሪያሽን እርጂ»። ከሥሩ የባሪያው ስም ነበር፤ ግማሹ ጠፍቷል።

ከሺህ ዓመት በፊት የቢዛንታይን ሹማምንት ደብዳቤ ሲልኩ፣ ያሰሩበትን ክር በእርሳሱ ውስጥ አሳልፈው በተቀረጸ የብረት ጉጠት ይጨምቁት እንደነበር ነገረችኝ። ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ጭምቅ፣ ሁለቱም ፊት በአንድ ትንፋሽ። ማረሚያ የለውም። እኔ አንዱን ጥርስ ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ አሁንም ይቆረቁረኛል የሚል ደንበኛ አላጣም።

ግን መደነቅ ማስረጃ አይሆንም፤ ጎበዝ አንጥረኛ አስመስሎ ሊሠራው ይችላል። ክሩ ያለፈበት ቀዳዳ ደግሞ በጠጠረ አፈር ተደፍኗል። «ቤት ወስጄ ልየው» አልኳት።

ስህተቱን የሠራሁት ሮዝቪል ባለው ቤቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በእኛ ዘር አንጥረኛ የሰው ዕቃ ሳያጥብ አይመልስም። አባቴ ሊጠግነው የተቀበለውን ቀርቶ፣ ዋጋውን ንገረን ብለው ያሳዩትን ጌጥ እንኳ በሎሚ አሽቶ ነበር የሚመልሰው። እኔም በልማድ ስኒ ውስጥ ሎሚ ጨምቄ ማህተሙን ነከርኩና የአስርን ሶላት ልሰግድ ሄድኩ። ስመለስ ስኒው ይፍለቀለቃል።

ባለቤቴ ከድሪያ ፎርት ስኔሊንግ ካለው ሥራዋ መግባቷ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ክሊን ላደርገው ብዬ…»

«የሰው ዕቃ? አስክ ሳታደርጋት? ኧረ ኦልሬዲ ነጭ ሆኗል! አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማህም?»

አወጣሁት። ጥቁሩ ጠርዝ ኖራ መስሏል። መርየምን አልነካትም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ከጽሑፉ ግን ሁለት ፊደል ደብዝዟል። ሺህ ዓመት አፈር ያልበላውን እኔ በአንድ ሎሚ በላሁት። አፈርኩ። በንጹህ ውሃ ሳለቀልቀው ከቀዳዳው አፈሩ ተፈረፈረና እርሳሱ ነክሶ የያዘው ነገር ታየኝ።

ክር ነው። የተገመደ፣ የጠቆረ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይረዝም። የቀለጠ እርሳስ ቢፈስበት ኖሮ ይቃጠል ነበር፤ ይሄ ግን ተጨምቆበታል። አስመሳይ የሚደክመው ለሚታየው ነው፤ ማንም በማያየው ጉድጓድ ክር ከትቶ፣ አፈር እስኪጠጥርበት የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም። ያን ጉጠት የጨመቀው ሰው እጅ ከእኔ እጅ አጠገብ ያለ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ነጣ ያለውን ጠርዝ አሳየኋት። «በድዬሻለሁ» አልኳት።

ለአፍታ ብቻ አየችው። «እሱን ተወው። አባቴስ?»

«አልዋሸም።» ማጉያውን ሰጥቼ ክሩን አሳየኋት። «አንድ ሰው በዚህ ክር ደብዳቤ አስሮ አትሞበታል። አባትሽ እንዳለው ከመሬት የወጣ ነው።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ዝላትካ ማጉያውን ከዓይኗ ሳታወርድ ቁጭ አለች።

«ምነው ውሸታም በሆነ» አለች።

ከአገር ስትወጣ አባቷ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ በመንገድሽ ይጠብቅሽ ብሎ ማህተሙን በእጇ ሊያስይዛት ነበር። ሰው እየሰማ «ውሸትህን እዚያው ያዝ» አለችው። ዳግመኛ አልተያዩም።

«አባት ይቅር ይላል» አልኳት።

«እሱማ ያኔውኑ ይቅር ብሎኛል» አለችኝ። «የከበደኝም እሱ ነው።»

እሁድ ከከድሪያ ጋር ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የነሐስ መስቀል፣ ጢስ ያጠቆረው ሥዕል፣ ብር የለበሰ ወንጌል ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ ግን የሚቆመው ማህተሙ ጋ ነው። ክሩ እንዲታይ በጎኑ አቁማ የእኔን ማጉያ አጠገቡ አድርጋለታለች። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ አማተቡ። ከድሪያም ተራዋን ጠብቃ አየችና እንደገና ተራ ያዘች።

ከሥሩ ካርድ አለ። ስለ ዘመኑና ስለ ማህተሙ ባለቤት የተጻፈ መስሎኝ ቀረብኩ። ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

«ያገኘው፦ ዲምቾ፣ ወይን ገበሬ።

ልጁ አላመነችውም።»